ፈጥኖ ለሚዞር ሞተር ዳምፐር ሲመረጥ

የዛሬው ትምህርታችን ሞተሩ አፍንጫ ላይ ስለሚገጠም፣ ዳምፐር ስለሚባል አንድ ክብ ብረት ነው። ቺንጊያው የሚዞረው በእሱ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው ክራንክ ፑሊ ይለዋል፤ ሲገዛውም እንደ ፑሊ ነው የሚገዛው። ልኩ ከገጠመ፣ የቺንጊያው ቦይ ከተስማማና ዋጋው ከቀለለ ሌላ ጥያቄ አያነሳም። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቺንጊያ ማዞር የዳምፐር ተደራቢ ሥራ ሲሆን ዋናው ሥራው ኮሎውን፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱን፣ ከመሰበር መጠበቅ ነው። ይህን ያልተቀበለ ሰው ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ትርፍ ወጪ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ወደ ምርጫው ሳንሄድ መሠረቱን እናስይዛለን፤ እናንተም ታገሡን።

ኮሎ ወፍራም ብረት ነው። ከሞተር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላየው ሰው የሚጠመዘዝ አይመስልም። ነገር ግን ይጠመዘዛል። እንዴት ቢሉ፣ ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት በየተራቸው እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። አንዱ በተኮሰ ቁጥር ፒስተኑ ቢዬላውን፣ ቢዬላውም ኮሎውን በዚያች ቦታ ብቻ ወደፊት ይገፋዋል። በስተኋላ ያለው ከባድ ቮላኖ ግን ፍጥነቱን በቶሎ መቀየር አይወድም። ሁለት ሴቶች የታጠበ ጋቢ ሲጨምቁ አንዷ ጫፉን አጥብቃ ትይዛለች፣ ሌላዋ ታዞራለች፤ የኮሎው አፍንጫ የሚዞረው እንደዚያ ነው። ኮሎው ብረት ስለሆነ ደግሞ ተጠምዝዞ አይቀርም፤ ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ አልፎም ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። ልኩ ከአንድ ዲግሪ በታች ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ መሪ የያዘውም ሰው አይሰማውም። ሞተሩ ከመቀመጫው ጋር ሲንቀጠቀጥ የምናውቀው ንዝረት ሌላ ነው። ይኼኛው በኮሎው ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም መደበቁ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አራት ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። በደቂቃ 7,200 ዙር ላይ ሲደርስ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ በሴኮንድ 240 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ስለሚተኩስ 6,000 ዙር ላይ በሴኮንድ 300 ምት ይሆናል። እያንዳንዱ ኮሎ ደግሞ በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት የራሱ ድግግሞሽ አለው። ይህን የሚወስነው ርዝመቱ፣ ውፍረቱና የተሸከመው ክብደት ነው። የአንድ ስድስት ሲሊንደር ኮሎ ድግግሞሽ በሴኮንድ 300 ነው እንበል። ሞተሩ 6,000 ዙር ሲደርስ የምቱ ቁጥርና የኮሎው ድግግሞሽ ይገጣጠማሉ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ምት የቀደመውን ጥምዘዛ ይጨምርበታል እንጂ አያበርደውም። 6,000 ሳይደርሱም ቢሆን መገጣጠም አለ፤ በ3,000 ዙር ላይ የምቱ ሁለተኛ እጥፍ እዚያው 300 ላይ ይወድቃል፣ በ4,000 አካባቢም ከዚህ ደከም ያለ ሌላ አለ። ሞተር አንድ ብቻ አደገኛ ፍጥነት የለውም፤ ብዙ አለው፤ ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ዋና ዋናዎቹን እናገኛቸዋለን።

ይህን ችግር ሰው ያወቀው ብረት አሰብሮ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስድስት ሲሊንደር በመስመር የተደረደሩባቸው ረጃጅም ሞተሮች ሲሠሩ፣ ኮሎዎቻቸው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጡና ይሰበሩ ጀመር። የሮልስ ሮይሱ ሄንሪ ሮይስና ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በየፊናቸው መፍትሔ ፈለጉ። መፍትሔው ኮሎውን ማወፈር ብቻ አልነበረም። አፍንጫው ላይ ከኮሎው ጋር ሙሉ በሙሉ ያልተጣበቀ፣ ትንሽ ወደኋላ መቅረት የሚችል ክብደት ማስቀመጥ ነበር። የዛሬው ዳምፐር የዚያ ልጅ ነው።

አሠራሩም ይህ ነው። መሐል ላይ ከኮሎው ጋር የሚታሰር እምብርት አለ፤ ዙሪያውን ከባድ ቀለበት ይከበዋል፤ በሁለቱ መካከል ጎማ ወይም ወፍራም ፈሳሽ አለ። አፍንጫው ወደፊት ሲስፈነጠር ቀለበቱ በክብደቱ የተነሣ ይዘገያል፣ ሲመለስ ደግሞ ቀለበቱ ይቀጥላል። በዚህ መጎታተት መሐል ያለው ጎማ ይታሻል፤ የጥምዘዛው ጉልበትም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይወጣል። ደህና ዳምፐር ሲሠራ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን መንገድ እንምጣ። «ጅግጅጋ ውስጥ ፈጥኖ የሚዞር ሞተር ከየት መጣ? እኛ እሽቅድምድም የለንም» የሚል ይኖራል። አለ እንጂ። ከአወዳይ ተነሥቶ በሐረር፣ በባቢሌና በጅግጅጋ አድርጎ ወደ ድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ የሚሮጠውን የጫት መኪና የማያውቅ አለ? ጫት ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉን እያጣ የሚሄድ ቅጠል ነው፤ ሾፌሩ ሰዓቱን የሚጠብቀው በሞተሩ ዙር ነው። ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በባቢሌ በኩል መጥቶ ካራማራን የሚወጣ የተጫነ መኪና በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ ነው የሚወጣው። ዙሩ ይወጣል ይወርዳል፤ አደገኛዎቹን ፍጥነቶች ደጋግሞ ያልፋቸዋል፣ ግን አይቆምባቸውም። ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ግን ሌላ ፈተና ነው። ሾፌሩ እግሩን ሳያነሳ ዙሩን አንድ ቦታ ላይ ይይዘዋል። ያ ቦታ ከአደገኞቹ ፍጥነቶች በአንዱ ላይ ከወደቀ ዳምፐሩ መንገዱን ሙሉ ይታሻል፣ ጎማው እየጋለ ይሄዳል። እኔ ከካራማራ አቀበት ይልቅ ይህን ሜዳ እፈራዋለሁ።

መኪኖቹንም አስቡ። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚታየው ቶዮታ ማርክ ሁለት ብዙ ጊዜ በመስመር ስድስት ሲሊንደር የተደረደረበት ሞተር ነው ያለው፤ 1ጂ፣ 1ጄዜድ ወይም 2ጄዜድ። ኮሎው ረጅም ነው፤ ረጅም ኮሎ በቀላሉ ይጠመዘዛል። የጄዜድ ሞተሮች የፋብሪካ ዳምፐር ጎማው አርጅቶ መላቀቁ በዓለም ሁሉ መካኒኮች ዘንድ የታወቀ በሽታ ነው። የአራት ሲሊንደሩ 4ኤጂኢ ከ7,000 ዙር በላይ እንዲሄድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ኮሎው አጭርና ጠንካራ ቢሆንም በዚያ ዙር ዕረፍት የለውም። ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ኮሎ የሚባል ነገር የለም፤ እንግዲህ ያሉንን የቤንዚን ሞተሮች ማቆየት የእኛ የመካኒኮች ሥራ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ከፋብሪካው የተሻለ ዳምፐር መግዛት አለበት?

መልስ፦ የለበትም። የፋብሪካው ዳምፐር ለዚያ ኮሎ፣ ለዚያ ቢዬላ፣ ለዚያ ቮላኖ ተለክቶ የተቃኘ ነው። ሞተሩ ካልተነካ ከእሱ የተሻለ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ አዲሱን የፋብሪካ ዕቃ ማግኘት ነው። ሌላ ድርጅት የሠራው ዳምፐር የሚያስፈልገው ሞተሩ ከተፈጠረበት ሲወጣ ነው፦ ፒስተኑና ቢዬላው በቀላል ሲቀየሩ፣ ቮላኖው ሲቀልል፣ ቱርቦ ሲጨመር ወይም ኮምፒውተሩ ተከፍቶ የዙሩ ጣሪያ ከፍ ሲደረግ። ያን ጊዜ የኮሎው ድግግሞሽም የምቱም ጉልበት ይለወጣል፣ የፋብሪካው ቅኝትም ቦታውን ይስታል።

ጥያቄ፦ ቀላል የአልሙኒየም ፑሊስ? ኃይል ይጨምራል ይላሉ።

መልስ፦ የብዙ ወጣት ሾፌር ልብ የሚሰረቀው በዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ እንደ ሰዓት ጥርስ የተፈለፈለች፣ በእጅ ሲይዟት የምትቀል ፑሊ አለች። ጎማ የላትም፣ ቀለበት የላትም፣ አንድ ወጥ ናት። ክብደቷ ስለቀነሰ ሞተሩ ከቦታው ሲነሣ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የቤንዚኑን ፍንዳታ አላበረታችም፤ ማዞሪያ ክብደት ነው የቀነሰችው። በምትኩ የኮሎውን ጠባቂ አስወጥታለች። ጉዳቱ በዚያው ሳምንት አይመጣም። ብረት የሚደክመው ምቱን ቆጥሮ ነው፤ ሞተሩም ደህና ይመስላል። በመጀመሪያ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ኮሎው ራሱ አይደለም። በብዙ ሞተሮች ላይ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የኮሎው አፍንጫ ስለሆነ የፓምፑ ጥርሶች ወደፊትና ወደኋላ እየተመቱ ይሰነጠቃሉ። ፓምፑ ተሰበረ ማለት ዘይት ቆመ ማለት ነው፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ መካኒኩ ዘይቱን ይወቅሳል፣ ባለንብረቱ መካኒኩን ይወቅሳል፤ ያችን ቀይ ፑሊ የሚያነሣት የለም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደግሞ በልካቸው ከፋብሪካው ያነሱ ናቸው። ያን ጊዜ የውኃ ፓምፑና ዲናሞው ዝግ ብለው ይዞራሉ፤ ወደ ሽንሌና ድሬዳዋ ቆላ ለሚወርድ መኪና ይህ ተጨማሪ ዕዳ ነው። «ከፋብሪካም ዳምፐር የሌላቸው ሞተሮች አሉ» ብሎ የሚከራከር ትክክል ነው፤ አንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች የላቸውም። ነገር ግን የእናንተ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ በእምብርቱና በጠርዙ መካከል የጎማ መስመር ከነበረው ክርክሩ እናንተን አይመለከትም።

እንግዲህ የዳምፐር ዓይነቶችን እንለይ። የመጀመሪያው በጎማ የሚሠራው ነው። የፋብሪካው ከዚህ ወገን ነው፤ ለውድድር ከሚሠሩትም ኤቲአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በጎማ ቀለበቶች የሚሠራ፣ ተፈትቶ ጎማው የሚታደስ ዓይነት አለው። ጎማ የተቃኘ ነገር ነው፤ ከተቃኘበት ድግግሞሽ አጠገብ እጅግ ጥሩ ይሠራል፣ ከዚያ ሲርቅ ይደክማል። ሙቀት፣ ዘይትና ዕድሜ ያደርቁታል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቅኝቱ ይቀየራል። ሁለተኛው በፈሳሽ የሚሠራው ነው። በታሸገ ቤት ውስጥ ከባድ ቀለበት አለ፤ በዙሪያው ያለችው በጣም ጠባብ ክፍተት በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ተሞልታለች። ፍሉይዳምፐር የዚህ ስመ ጥር ነው። አንድ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ስላልተቃኘ ሰፊ የዙር ክልል ይሸፍናል። ስለዚህ ሞተሩ ለተነካ፣ ድግግሞሹም በትክክል ለማይታወቅ ኮሎ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። ድካሙ ክብደቱና አለመታየቱ ነው፤ ከውጭ የሚመረመር ጎማ የለውም፤ ወድቆ ትንሽ ከተጎዳ ያቺ ጠባብ ክፍተት ትዘጋለች፣ ቀለበቱ ይያዛል፣ ዳምፐሩም ድፍን ብረት ይሆናል። በበርበራ መስመር የሚመላለሱት ከባድ የናፍጣ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ይህን ዓይነት ስለሆነ የጭነት መኪና መካኒኮች በመዶሻ እንዳትነኩት። በሚንከባለል ክብደት የሚሠራ ሦስተኛ ወገንም አለ፤ እኛ ዘንድ ስለማይታይ አልፈዋለሁ።

ፈጥኖ ለሚዞር ሞተር ከቅኝቱ ቀጥሎ የሚታየው የቀለበቱ ጥንካሬ ነው። የ16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዳምፐር በ7,500 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 226 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከ5,000 ወደ 7,500 ዙር ሲወጣ ቀለበቱን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል 2.25 እጥፍ ይሆናል። ለመንገድ የተሠራ፣ ቀልጦ በቅርጽ የወጣ ግራጫ ብረት (ካስት አይረን) ይህን ለዘለቄታው እንዲችል አልታሰበም፤ ቀለበቱ ቢፈነዳ ራዲያተሩን ብቻ በልቶ አይቆምም። ስለዚህ ለዚህ ዙር የሚገዛ ዳምፐር ቀለበቱ ስቲል መሆን አለበት። የአሜሪካው ኤስኤፍአይ የሚባለው ተቋም ለውድድር ዳምፐሮች 18.1 የተባለ መለኪያ አለው፤ ዕቃው ይህን ማለፉን የሚገልጽ ጽሑፍ ቢኖረው ጥሩ ነው። ተለጣፊው ብቻውን ግን አያሳምነኝም፤ ተለጣፊ በየትም ይታተማል። የዕቃው ቁጥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ሲሆን ነው የምቀበለው።

ትልቅ ዳምፐር ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለትም አይደለም። የከበደ ቀለበት ብዙ ጥምዘዛ ያበርዳል፣ ግን በኮሎው አፍንጫ ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው። ለዚያ ሞተር ሠሪው የጻፈውን ልክ ውሰዱ። ለአሜሪካ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች የሚሸጡ አንዳንድ ዳምፐሮች ሆን ተብሎ በአንድ ወገን ክብደት የተጨመረባቸው ናቸው፤ የእኛ የቶዮታ መስመር ሞተሮች ግን በዙሪያው እኩል የሆነውን ነው የሚፈልጉት።

አሁን ባንኮኒው ፊት ቆመናል እንበል፤ ቶጎ ውጫሌ ይሁን፣ ጅግጅጋ ይሁን፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይሁን። ሻጩ «ያገለገለ ኦርጅናል የጃፓን» ብሎ ያወጣላችኋል። የስልካችሁን መብራት አብሩና የጎማውን መስመር ዙሪያውን እዩ። ጎማው ከብረቱ ጋር እኩል ተቀምጦ፣ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ መልካም። ወደ ውጭ ካበጠ፣ ከተሰነጣጠቀ ወይም በጥፍር ሲጫኑት እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ መልሱለት። ቀጥሎ ዳምፐሩን ገልብጡና በዘይት ሲሉ ውስጥ የሚገባውን አንገት ፈልጉ። ጥፍራችሁን በአንገቱ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ የሲሉ ከንፈር ያወጣው ጎድጓዳ መስመር ጥፍራችሁን ከያዘ፣ ያ ዕቃ አዲስ ሲል ብትገጥሙለት እንኳ ዘይት ያፈሳል። ቁልፍ ብረቱ የሚገባበት ቦይ ጠርዙ ከሰፋ ደግሞ ኮሎው ላይ እየተወላወለ የኖረ ነው። የቺንጊያውን ቦዮች ቁጠሩ፤ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጥልቀቱንና የጊዜ ምልክቶቹን አስተያዩ። በፈሳሽ የሚሠራ ያገለገለ ዳምፐር ከመጣ ግን ምርመራ የለውም፤ ዋጋው ምንም ቢወርድ አትግዙት።

ሰው ዕቃውን በትክክል መርጦ በአገጣጠም ሲያበላሸው ማየት ያሳዝናል። አሮጌውን ስታወጡ በጠርዙ ይዛችሁ በሦስት ጥፍር መጎተቻ አትጎትቱ፤ ከጎማው ነው የምትገነጥሉት። እምብርቱ ላይ ላሉት የቡሎን ቀዳዳዎች የሚሆን መጎተቻ አለ። አዲሱን በመዶሻ አታስገቡ። መሐለኛው ቡሎን የሚጠብቀው በመመሪያው ልክ ነው፤ ለ2ጄዜድ 330 ኒውተን ሜትር፣ ለሌላው የቶዮታ ሞተር ለ1ዜድዜድ 138። «ረጅም ቱቦ አስገብቼ እስከሚያቅተኝ አጠብቃለሁ» የሚለው የጋራዥ ልማድ ልክ አይደለም፤ በእጅ ስሜት የጠበቀ ቡሎን ከላላ ዳምፐሩ የኮሎውን አፍንጫ ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀየረው ኮሎው ነው። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ካለው ጎረቤት ጋራዥ ተዋሱ።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ በነጭ ቀለም ከእምብርቱ ጀምራችሁ በጎማው ላይ አልፋችሁ እስከ ቀለበቱ ጠርዝ አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር መስመሩን እዩ። የውጭው ክፍል ከውስጡ ትንሽ እንኳ ከተንሸራተተ ቀለበቱ ጎማውን ለቆታል ማለት ነው። በዲስትሪቢዩተር በሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ላይ ምልክቱ ከቀለበቱ ጋር ስለሚሸሽ የምታስተካክሉት የማቀጣጠያ ጊዜ (ታይሚንግ) ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ዳምፐሩ ሲወላወል ካያችሁ፣ ወይም የቢዬላ ማንኳኳት የሚመስል ድምፅ ከፊት በኩል ከሰማችሁ ኦይል ፓኑን ከመፍታታችሁ በፊት መጀመሪያ ይህን መርምሩ። መስመሩ የተላቀቀ መኪና ጭኖ ወደ ቶጎ ውጫሌ መሄድ የለበትም። ባለንብረቱ ቢቸኩልም፣ ጫቱ ተጭኖ ቢቆምም፣ ይህን በግልጽ ንገሩት፤ ዳምፐሩ ሳይቀየር መኪናውን «ደህና ነው» ብላችሁ አትስጡ።